ነጩ መደብ ምን ያሳያል? ምንስ ይሰውራል?

ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው አውራ ጎዳና የምዕራብ ጎጃምን ምድር ሲያቋርጥ ደምበጫን፣ ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን አንድ በአንድ እየነካ ያልፋል። በነዚህ ከተሞች በገበያ ቀን የሚሆነውን ያስተዋለ ሰው እንደሚያውቀው ገዢው ዓይኑን ብቻ ይዞ አይመጣም። ቅቤውን በጣቱ ቆንጥሮ ያሸታል። ማሩን ይቀምሳል። የበርበሬውን ዛላ ወደ ጆሮው አስጠግቶ ያንቀጫቅጨዋል፤ ከዚያም ሰብሮ ውስጡን ያያል። ጋቢውን በሁለት እጁ ወጥሮ ወደ ፀሐይ ያነሳና የፈትሉን ቅጥነትና የሽመናውን ጥብቀት ይመረምራል። ሞሰቡን ይገለብጣል፤ መቀመጫው መጽናቱን፣ ክዳኑ መግጠሙን ያረጋግጣል። የዋጋው ክርክር የሚጀመረው ይህ ሁሉ ምርመራ ካለቀ በኋላ ነው።

በስልክ መስታወት የሚካሄደው አዲሱ ግብይት ግን እጅን፣ አፍንጫን፣ ምላስንና ጆሮን ከምርመራው አስወጥቷል። የቀረው ዓይን ብቻ ነው። ለዓይንም ቢሆን የሚቀርብለት ዕቃው ሳይሆን የዕቃው ፎቶግራፍ ነው። ስለሆነም የሸቀጥ ፎቶግራፍ እንደ ማስታወቂያ ጌጥ ብቻ ተቆጥሮ ከሂስ ውጭ ሊተው አይገባውም። ገዢው ሊዳስሰውና ሊያሸተው ስለማይችለው ነገር እንዲመሰክርለት የተላከ ምስክር ነውና፣ እንደ ማንኛውም ምስክር መጠየቅ ይኖርበታል።

ከነዚህ ፎቶግራፎች መካከል ዛሬ ሚዛን እየደፋ የመጣው በነጭ መደብ ላይ የሚነሳው ነው። ዕቃው ከቤቱ፣ ከመሬቱ፣ ከሠሪው እጅና ከጎረቤቱ ዕቃ ተነጥሎ በንጹሕ ነጭ ባዶነት ላይ ብቻውን ይቆማል። ይህ አቀራረብ ምን እንደሚያሳይና ምን እንደሚሰውር ለይቶ ማወቅ ለፎቶግራፍ አንሺው ብቻ ሳይሆን ለሸማኔውም፣ ለስፌት ባለሙያዋም፣ ለገዢውም የሚጠቅም ጉዳይ ነው።

የነጩ መደብ አመጣጥ

ዕቃን ከአካባቢው ነጥሎ በባዶ ገጽ ላይ ማሳየት ኢንተርኔት የወለደው ልማድ አይደለም። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ በአሜሪካ እንደ ሲርስ ያሉ የንግድ ድርጅቶች ለገጠሩ ሕዝብ በፖስታ አማካይነት ሲሸጡ፣ የዕቃው ሥዕል በወፍራም መጽሐፍ ነጭ ገጽ ላይ ታትሞ ይላክ ነበር። የወረቀቱ ንጣት ለሥዕሉ መደብ ሆነ። ዛሬ ወረቀቱ በስልክ መስታወት ተተካ እንጂ መሠረታዊው አሠራር እምብዛም አልተለወጠም። አማዞን የተባለው ኩባንያ ለሻጮቹ ባወጣው ደንብ የዕቃው ዋና ፎቶግራፍ መደብ ፍጹም ነጭ፣ ማለትም በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ልኬት 255፣ 255፣ 255 እንዲሆን፣ ዕቃውም ከፎቶግራፉ 85 በመቶ ያህሉን እንዲሞላ ያዛል። በዋናው ፎቶግራፍ ላይ ጽሑፍ መጨመርም ክልክል ነው።

የዚህ ደንብ ምክንያት በመጀመሪያ ደረጃ ኢኮኖሚያዊ ነው። ሺህ ሻጭ ሺህ ዓይነት ዕቃ በአንድ ገጽ ሲያቀርብ መደቡ አንድ ካልሆነ ገጹ ይዥጎረጎራል፤ ገዢውም አንዱን ከሌላው ለማነጻጸር ይቸገራል። መደቡ አንድ ሲሆን ግን ዕቃዎቹ ሁሉ በአንድ ሚዛን ላይ የተቀመጡ ይመስላሉ። «ይመስላሉ» የሚለው ቃል ይሰመርበት፤ ወደ በኋላ የሚነሳው ክርክር በዚህ ቃል ላይ የተመሠረተ ነውና።

በአገራችን የዚህ ዓይነቱ ግብይት ሕጋዊና ቴክኒካዊ መሠረት የተጣለው በቅርብ ዓመታት ነው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 በ2012 ዓ.ም. ወጣ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. አገልግሎት ጀመረ። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. «ዘመን ገበያ» የተሰኘውን የኢንተርኔት ገበያ ከፈተ። ከነዚህ ይፋዊ መድረኮች ጎን ለጎን፣ አብዛኛው ትንሽ ነጋዴ የሚሸጥባቸው የቴሌግራምና የቲክቶክ ገጾች አሉ። በነዚህ ገጾች ነጩን መደብ የሚያስገድድ ደንብ የለም። ሆኖም ነጩ መደብ የዘመናዊነት ምልክት ተደርጎ ስለተወሰደ ያለ አስገዳጅ ሕግም እየተስፋፋ ነው።

የመደብ ትርጉም

በአማርኛ «መደብ» የሚለው ቃል ብዙ ትርጉም አለው። በገጠር ቤት ውስጥ ከግድግዳ ጋር ተያይዞ ከጭቃ የሚሠራው መቀመጫና መኝታ መደብ ይባላል። ነጋዴዋ በገበያ ውስጥ ዕቃዋን የምትዘረጋበት ቦታ መደብ ነው። የሥዕል መሠረት የሆነው ወለል መደብ ነው። በኅብረተሰብ ውስጥ ሰዎች በምርት ግንኙነት የሚይዙት ሥፍራም መደብ ይባላል። በነዚህ ሁሉ ትርጉሞች ውስጥ አንድ የጋራ ሐሳብ ይገኛል፤ ይኸውም መደብ አንድ ሰው ወይም አንድ ነገር ያረፈበትን ሥፍራ የሚያመለክት መሆኑ ነው። የገበያዋ ነጋዴ በመደቧ ትታወቃለች። ቅቤዋን የወደደ ገዢ በሚቀጥለው ገበያ ተመልሶ ወደዚያው መደብ ይሄዳል፤ የከፋበትም ወደዚያው መደብ ሄዶ ይወቅሳታል። በኢንተርኔት ገበያ ነጩ መደብ የሁሉም ዕቃ መደብ በመሆኑ የማንም መደብ አይደለም። ገዢው የሚመለስበት ወይም የሚወቅስበት ሥፍራ አይኖረውም።

ይህ ሲባል ግን ባዶ መደብ ለአገራችን ዓይን ባዕድ ነው ማለት አይደለም። በጣና ደሴቶች ገዳማት ከሚገኙት ጥንታውያን የብራና መጻሕፍት በአንዳንዶቹ ቅዱሳኑ የቆሙት ተራራና ቤት በሌለበት በተራቆተ ብራና ላይ ነው። ሠዓሊው ቦታውን ያስቀረው ተመልካቹ በቅዱሱ ፊት ላይ ብቻ እንዲያተኩር ነው። በዘመናችንም ለመታወቂያ ወይም ለትምህርት ቤት ጉርድ ፎቶግራፍ የተነሳ ዜጋ ሁሉ ከባዶ መጋረጃ ፊት ቆሞ ያውቃል። በጉርድ ፎቶግራፉና በብራናው መካከል ያለው ልዩነት ትምህርት ሰጪ ነው። የብራናው ባዶነት ባለ መልኩን ያከብራል፤ ስሙም ከራሱ በላይ ይጻፋል። የጉርድ ፎቶግራፉ ባዶነት ግን ሰውን ለመዝገብ ያመቻቻል። የሸቀጥ ፎቶግራፍ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚመስል በየምሳሌው መመርመር ያሻል።

ነጩ መደብ በትክክል የሚያሳየው

አሜሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ ዎከር ኢቫንስ በ1955 እ.ኤ.አ. በፎርቹን መጽሔት ላይ ፒንሳና የመፍቻ ቁልፍን የመሳሰሉ ተራ የሥራ መሣሪያዎችን በባዶ መደብ ላይ አንስቶ አቅርቧል። በዚያ ሥራ ባዶው መደብ መሣሪያውን አላዋረደውም። የብረቱ ቅርጽ፣ የመያዣው መታጠፍ፣ ለእጅ ተብሎ የታሰበው ልክ ጎልቶ ወጥቷል። ነጩ መደብ በጎ ባሕርይ እንዳለው ለማመን ይህ አንድ ሥራ ይበቃል።

ለምዕራብ ጎጃም ምርት ደግሞ ከቅርጽ በላይ የሚያስፈልገው የቀለም እውነት ነው። በጃቢ ጠህናንና በቡሬ አካባቢ የሚመረተውን በርበሬ ለአብነት እንውሰድ። ገዢው የዛላውን ቅላት አይቶ ስለ አዲስነቱና ስለ አደራረቁ ይፈርዳል። በቢጫ አምፖል ሥር የተነሳ በርበሬ ከእውነተኛው የበለጠ ይቀላል፤ በሸንበቆ አምፖል ሥር የተነሳው ወደ አረንጓዴ አዘንብሎ ያረጀ ይመስላል። ከዛላው ሥር ነጭ ወረቀት ሲኖር ግን ስሕተቱ ወዲያው ይጋለጣል። ወረቀቱ ቢጫ ሆኖ ከታየ ቅላቱም የተጋነነ ነው። ወረቀቱ ነጭ ከሆነ ቅላቱ ሊታመን ይችላል። ከክረምቱ በኋላ አደይ አበባ ከሚያብብበት ወቅት ለሚቆረጠው ቢጫ ማርም ሕጉ ይኸው ነው። እንዲህ ሲሆን ነጩ መደብ እንደ ውኃ ልክ ያገለግላል፤ መዛባትን ይመሰክራል።

ይሁን እንጂ ምስክርነቱ የሚጸናው ሻጩ ከዚያ በኋላ በስልኩ የማሳመሪያ መሣሪያ ቅላቱን ካልጨመረ ብቻ ነው። ነጩ ወረቀት እንዳለ ትቶ ዛላውን ብቻ ማቅላት ዛሬ የአንድ ጣት ሥራ ሆኗል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 አሳሳች ማስታወቂያን መከልከሉን እዚህ ላይ ማስታወስ ተገቢ ነው። ቀለም የተጨመረበት በርበሬ በእንቅብ ቢቀርብ ማታለል ከሆነ፣ ቀለም የተጨመረበት ፎቶግራፍም ማታለል ነው።

ነጩ መደብ የሚሰውረው

አሁን ሁለት ፎቶግራፎችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይቻላል። በአንደኛው በቡሬ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው ፊቤላ ፋብሪካ የሚያመርተው የምግብ ዘይት በፕላስቲክ ጀሪካኑ ቆሟል እንበል። በሁለተኛው በፍኖተ ሰላም ገጠር በስንደዶና በአክርማ ተሰፍቶ በአለላ ያጌጠ ሞሰብ ቆሟል። ሁለቱም በነጭ መደብ ላይ ናቸው፤ ሁለቱም የምስሉን 85 በመቶ ሞልተዋል።

የዘይቱ ፎቶግራፍ እውነተኛ ነው። የፋብሪካ ምርት ዋና ቃል ኪዳኑ አንድ ዓይነትነት ነው። የታየው ጀሪካንና የሚላከው ጀሪካን ልዩነት የላቸውም፤ ልኩም በሊትር ተጽፎበታል፤ የአምራቹ ስም በመለያው ላይ ታትሟል። ከነጩ መደብ በመነጠሉ የጠፋበት ነገር የለም።

የሞሰቡ ፎቶግራፍ ግን በሦስት ነገር ይጎድላል። በመጀመሪያ መጠኑ አይታወቅም። 85 በመቶ የሚለው ደንብ ለአገልግልም ለሞሰብም አንድ በመሆኑ፣ በእጅ የሚንጠለጠለው አገልግልና ቤተሰብ ተሰብስቦ የሚበላበት ሞሰብ በመስታወቱ ላይ እኩል ሆነው ይታያሉ። ትልቅ ሞሰብ ያዘዘ ገዢ ትንሽ ሲደርሰው ዕቃውን ይመልሳል። የመልሱ የመጓጓዣ ሒሳብ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው በደካማው ወገን ላይ ነው። ሁለተኛ፣ የእጅ ሥራ መንታ የለውም። የሚቀጥለው ሞሰብ የአለላው ቀለም አንድ እርከን ይደምቃል ወይም ይደበዝዛል፤ ክቡም በወስፌው አካሄድ ይለያል። ነጩ መደብ ግን የፋብሪካውን ቃል ኪዳን ለእጅ ሥራው ያለብሰዋል። በመሆኑም የሥራው ክብር የሆነው ልዩነት በገዢው ዘንድ ጉድለት ሆኖ ይቆጠራል። ሦስተኛና ዋነኛው፣ ሠሪዋ አትታይም፤ ስሟም የለም። በዘይቱ ጀሪካን ላይ የአምራቹ ስም በጉልሕ ሲታተም በሞሰቡ ላይ የሚታየው ስም፣ ካለ፣ የገጹ ባለቤት የሆነው ነጋዴ ስም ነው።

ሌላው አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ ሪቻርድ አቬዶን ከ1979 እስከ 1984 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ምዕራባዊ ክፍል እየተዘዋወረ ማዕድን ቆፋሪዎችን፣ የነዳጅ ሠራተኞችንና ሥራ አጦችን በነጭ ወረቀት ፊት አቁሞ አንስቷል። ሥራው በ1985 በመጽሐፍ ሲወጣ ከአድናቆቱ ጋር ጽኑ ወቀሳ ተከትሎታል። ወቀሳውም ሠራተኛውን ከሚሠራበት መሬት ነጥሎ ማቆም የኑሮውን ምክንያት ከሥዕሉ ማውጣት ነው የሚል ነበር። አቬዶን ግን ቢያንስ የሰዎቹን ስም፣ ሥራቸውን፣ የተነሱበትን ቦታና ቀን ከሥዕሉ ጋር ጽፏል። የኛ የሞሰብ ፎቶግራፍ ይህንን እንኳ አያደርግም።

ስም የለሽነት ተራ የሥርዓት ጉድለት አይደለም፤ የሚጠቀምበት ወገን አለ። በነጭ መደብ ላይ የቆመ ጋቢ በምዕራብ ጎጃም ይሸመን፣ በሽሮ ሜዳ ይሸጥ፣ ከባሕር ማዶ በማተሚያ ማሽን ተሠርቶ ይምጣ አይለይም። የአገር ልብስን ጥለት በማተም የሚሠሩ የውጭ ጨርቆች ገበያውን ባጥለቀለቁበት በዚህ ዘመን፣ ከሩቅ የተነሳ አንድ የፊት ፎቶግራፍ ለአታሚው የተመቸ ነው። ለሸማኔው የሚመቸው ፎቶግራፍ ጠጋ ብሎ ድርና ማጉን የሚያሳየው፣ ይልቁንም ጨርቁን ገልብጦ የሚያሳየው ነው። በእጅ የተሸመነ ጥለት በገልባጩም በኩል ክሩ ይታያል፤ የታተመው ግን ከጀርባው ደብዝዞ ወይም ነጥቶ ይገኛል። አንዲት የጀርባ ፎቶግራፍ የሸማኔውን ድካም ከአስመሳዩ ትለያለች ማለት ነው።

ነጭ በነጭ ላይ

የጎጃም ሸማኔ ዋና ምርት ነጭ መሆኑ ደግሞ ሌላ ፈተና ያስከትላል። ጋቢ፣ ነጠላና ቡልኮ በነጭ መደብ ላይ ሲነሱ ጠርዛቸው በመደቡ ውስጥ ይሰምጣል። ምክንያቱ የታወቀ ነው። የካሜራ የብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ የመገመት ጠባይ ስላለው፣ ነጭ በነጭ ላይ ሲቀርብለት ሁሉንም አጨልሞ የቆሸሸ ያስመስለዋል። አንሺው ይህንን ለማረም ብርሃኑን ያለ ልክ ሲጨምር ደግሞ ፈትሉ ይጠፋል፤ ሴቶች በደጋን የነደፉት፣ በእንዝርት የፈተሉት ክር ሁሉ እንደ ፕላስቲክ ለስልሶ ይታያል። መደቡን በራሱ ቆርጦ የሚያወጣው የስልክ መሣሪያም የልብሱን ዘርፍ ከመደቡ መለየት ስለሚያቅተው ዘርፉን አብሮ ይቆርጠዋል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ብርሃኑን ከፊት ሳይሆን ከጎን ማምጣት ያስፈልጋል፤ ከጎን የመጣ ብርሃን በየክሩ ሥር ትንሽ ጥላ ስለሚጥል ሽመናው ይነበባል። ከምስሉ ክልል ውጭ በግራና በቀኝ ጥቁር ካርቶን ቢቆም የልብሱ ጠርዝ ቀጭን ጥቁር መስመር ያበጃል። የቀትር ፀሐይ ከአናት ስለሚወርድ ጥላው ይበረታል፤ ስለዚህ በጧት በቤት ጥላ ሥር ወይም በመስኮት አጠገብ፣ በመስኮቱም ላይ አቡጀዲ ወጥሮ ማንሳት ይበጃል። ከታች ወደ ኋላ ያለ ማዕዘን የሚታጠፍ አንድ ሰፊ ነጭ ወረቀት እንደ ስቱዲዮ ያገለግላል። ስልኩን ወደ ዕቃው እጅግ ማስጠጋት ቅርጽን ስለሚያዛባ ራቅ ብሎ ማንሳት ይመረጣል። ነጭ ልብስን በጥቁር እንጨት ወይም በቤቱ የጭቃ መደብ ላይ ማንሳትም፣ ደንብ በማያስገድድበት ገጽ ሁሉ፣ ከነጩ የበለጠ እውነት ሊናገር ይችላል።

በተቃራኒው ያለው ስሕተት

ነጩን መደብ የሚነቅፍ ሰው ሁሉ የተዝረከረከውን ያወድሳል ማለት አይደለም። በአበባማ አንሶላ ላይ የተወረወረ ጋቢ፣ ከኋላው ቴሌቪዥንና ጫማ የሚታይበት ሞሰብ፣ በቀይና በቢጫ ስልክ ቁጥር የተሸፈነ የማር ዕቃ፣ እነዚህም ቢሆኑ ዕቃውን ይሰውራሉ። ባዶነት በመንጠል ሲሰውር ዝርክርክነት በማጨናነቅ ይሰውራል።

ከዚህም የከፋ ሦስተኛ ስሕተት አለ። እርሱም ሠሪዋን ለማሳየት በሚል ሰበብ ድህነቷን መሸጥ ነው። ባዶ እግሯን፣ የጭስ ግድግዳውንና የተሰነጠቀ መዳፏን አጉልቶ ሙያዋን ግን በፎቶግራፉ ጥግ የሚተው አንሺ ገዢውን ለሐዘኔታ እንጂ ለፍርድ አይጋብዘውም። ሠሪዋን ማሳየት ማለት ወስፌውን እንዴት እንደያዘች፣ አለላውን በየት እንዳዞረች፣ ሥራው ስንት ቀን እንደወሰደ ማሳየት ነው። ይህም በፈቃዷ፣ በስሟ፣ ከዋጋውም ድርሻዋን በማክበር ሲሆን ብቻ ነው።

የኢትዮጵያ የእጅ ሥራ በኢንተርኔት ገበያ ስሙንና ሥፍራውን ይዞ ሊሸጥ መቻሉ አስቀድሞ ታይቷል። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ በቤተልሔም ጥላሁን የተቋቋመው ሶልሬብልስ የጫማ ድርጅት የሠፈሩን ሙያተኞች የእጅ ሥራ በራሱ መለያ ለባሕር ማዶ ገዢ አቅርቧል። ምዕራብ ጎጃም ከዚህ የሚለየው በሙያ ማነስ አይደለም። በክልሉ በተቀሰቀሰው የትጥቅ ግጭት ሳቢያ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ እንደነበር የሚዘነጋ አይደለም። እንዲህ ባለ ጊዜ የአገሬው ሸማኔ ፎቶግራፍ በስልኩ ውስጥ ተዘግቶ ሲቀር፣ ዕቃውን ቀድሞ ገዝቶ ወደ መሐል አገር የወሰደው ነጋዴ ብቻ በገበያው ላይ ይታያል። መስመሩ ሲቀጠልም ሠሪው ስሙን አስቀድሞ ካላስተዋወቀ ገዢው እርሱን የሚፈልግበት ምልክት አያገኝም።

መደምደሚያ

እንግዲህ ነጩን መደብ በጅምላ መቀበልም በጅምላ መጣልም ሁለቱም ከሂስ የራቁ ናቸው። ነጩ መደብ ለቅርጽና ለቀለም ጥሩ ምስክር፣ ለመጠን ደካማ ምስክር፣ ለሠሪው ደግሞ ዲዳ ምስክር ነው። በጎደለው መጠን ሌሎች ምስክሮች ሊጨመሩለት ይገባል። ለእጅ ሥራ ቢያንስ አራት ፎቶግራፎች ያስፈልጋሉ። የመጀመሪያው ገበያው የሚጠይቀው የነጭ መደብ ፎቶግራፍ ነው። ሁለተኛው መጠኑን የሚያስረዳ፣ ሞሰቡ ከእንጀራው ጋር፣ ጋቢው በሰው ትከሻ ላይ ሆኖ የተነሳ ነው። ሦስተኛው የውስጡንና የገልባጩን አሠራር ከቅርብ የሚያሳይ ነው። አራተኛው ሠሪውን በሥራው ላይ የሚያሳይ፣ ከሥሩም ስሙና አገሩ የተጻፈበት ነው።

ይህን ሥራ የሚጠብቁ ወገኖች ሩቅ አይደሉም። የቴክኒክና ሙያ መምህራን የፎቶግራፍ ትምህርትን ከሸማና ከስፌት ሥልጠና ጋር ቢያያይዙት፣ የባህል ሠራተኞች በየወረዳው ኤግዚቢሽን ላይ ዕቃውን ሲደረድሩ የሠሪውን ስም መጻፍ ቢያስለምዱ፣ ፎቶግራፍ አንሺዎችም የሸቀጥ ሥዕልን ከሙያቸው በታች አድርገው ባይንቁት፣ በገበያ ቀን በመደቧ ትታወቅ የነበረችው ባለሙያ በአዲሱ ገበያም መደቧን ታገኛለች። ያን ጊዜ ገዢው ሞሰቡን ሲወድ ማንን እንደሚያመሰግን፣ ሲከፋውም ማንን እንደሚወቅስ ያውቃል።